ከሞተ በኋላ የተጠየቀው ሕመምተኛ

ክፍሉ ከውጭው መንገድ ይበልጥ ይበርድ ነበር።

ወሩ ጥር፣ ቀኑ እሑድ ነው። ጄኔቭ ዳር ባለው በሻትሌን ሰፈር፣ በረጃጅሞቹ ሕንጻዎች መካከል የወደቀው በረዶ ግራጫ ሆኖ ተጋግሯል። ኢንስፔክተር ማርያማዊት ከፈለ ደረጃውን ወጥታ ወደ መኝታ ቤቱ ስትገባ የገዛ ትንፋሿ እንደ ጭስ ፊቷ ላይ ታያት።

ሰውየው አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቷል። ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ተስቧል፤ ጠርዙም በግራና በቀኝ ከፍራሹ ሥር በደንብ ተጠቅጥቋል። እናት ሕፃኗን ስታስተኛ እንዲህ ታደርጋለች። ማርያማዊት ራሷ የሁለት ልጆች እናት ስለሆነች ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ሰው ራሱ ተኝቶ ብርድ ልብሱን ከሁለቱም በኩል ከፍራሹ ሥር ሊጠቀጥቅ አይችልም።

«ሀብተወልድ ይባላል» አላት በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ። «ኢትዮጵያዊ ነው። ሳንባውን ታሞ ቆይቷል። ሐኪሙ ግን ደረቱን ሲነካው ፊቱ ተለዋወጠ። የጎን አጥንቶቹ ተሰብረዋል ይላል።»

«ማን አገኘው?»

«ልጁ።»

ልጁ ኮሪደሩ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሱራፌል ይባላል፤ የኤሌክትሪክ ሙያ የሚለማመድ ወጣት ነው። ጫማ አላደረገም። ማርያማዊት አጠገቡ ተንበርክካ በአማርኛ ስታናግረው ደነገጠ።

«ሐበሻ ነሽ?»

«ነኝ። በልጅነቴ ነው የመጣሁት። እስቲ ንገረኝ።»

«ልቀሰቅሰው ገባሁ። ግንባሩን ስነካው…» እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ማታ አላየሁትም። ከሐሙስ ጀምሮ ዙሪክ ነበርኩ፤ የቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ጉባኤ ነበረን። ቅዳሜ ሲመሻሽ ተመለስኩ። እማዬ ሥራ ላይ ነበረች። በስልክ ‹አባትህ ተኝቷል፣ አትቀስቅሰው› አለችኝ። ክፍሌ ገብቼ ተኛሁ።»

«ምንም አልሰማህም?»

«ምንም። እንዲያውም እሱ ነው የከበደኝ። ክረምቱን ሙሉ በሳሉ ነው የምተኛው። አልጋዬም በረዶ ነበር፤ ጃኬቴን ለብሼ ነው ያደርኩት። ደግሞ ትስቂብኛለሽ…»

«አልስቅም።»

«ሰው ተኝቶበት የተነሣ አልጋ ይመስል ነበር። ፍራሹ ጎድጉዷል።»

ሚስትየው ወይዘሮ ትርፍነሽ ወጥ ቤት ቆማ አንድ ንጹሕ ብርጭቆ ደጋግማ ታብሳለች። የሆቴል ክፍል አጽጂ ናት። አላለቀሰችም። ማርያማዊት «ነፍስ ይማር» ብላ ሳትጨርስ ሴትየዋ ቀደመቻት።

«ቅዳሜ ደህና ነበር። እንግዶች ከዙሪክ መጥተው ጠይቀውታል። አነጋግረውታል። እጁን ይዘው ጸልየውለታል። እነሱን ጠይቂያቸው፤ የእግዚአብሔር ሰዎች ናቸው።»

«እርስዎ አብረው ነበሩ?»

«እኔ ሥራ ነበርኩ።»

ማርያማዊት ቀድማ ስለ ቅዳሜ የጠየቀችው ነገር አልነበረም። መልሱ ግን ተዘጋጅቶ ጠብቋታል።

*

ለልቅሶ ቀድሞ የደረሰው አቶ ሽፈራው ነው። ታክሲ ነጂ ነው፤ የሕክምና ቁጠባ ማኅበሩም የጄኔቭ ጸሐፊ ነው። ማርያማዊት ወደ ደረጃው ይዛው ወጣች።

«ምን ዓይነት ማኅበር ነው?»

«አንቺማ ታውቂዋለሽ፣ እዚህ አገር መድን ያለው ሰው እንኳ በየዓመቱ የመጀመሪያውን የሕክምና ወጪ ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ፍራንሺዝ ይሉታል። ድሀ ሰው እሱን ፈርቶ ሐኪም ቤት አይሄድም። ስለዚህ ከመላው ስዊዘርላንድ ተሰባስበን በየስማችን መቆጠብ ጀመርን። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የመጣነው ነን የጀመርነው፤ ሀብተወልድም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።»

«ገንዘቡ እንዴት ይወጣል?»

«ድሮ ቀላል ነበር። ታመምኩ ብለሽ ትደውያለሽ፣ ይላክልሻል። ከዚያ አንዱ ታምሜአለሁ ብሎ መኪና ገዛ። ቀይ መኪና! ምንም ሳያፍር እሑድ ጸሎት ይዞት መጣ። እህቶች ሲያዩት ጸሎቱ ተረሳ። ባለፈው መስከረም በርን ከተማ ተሰብስበን ደንቡን ቀየርን።»

«አዲሱ ደንብ ምን ይላል?»

«ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ሕመምተኛውን የማያውቁ ሁለት አባላት ሄደው በዓይናቸው ያዩታል። ‹ይሰጠኝ› ሲል ከራሱ አፍ ይሰማሉ። ጥየቃ እንለዋለን። ያን ጊዜ ብቻ ይወጣል።»

«ለምን የማያውቁት?»

«ዝምድና እንዳይገባበት ነዋ።»

«ከጥየቃው በፊት ሆስፒታል ቢገባስ?»

«ያ ወጪ አይከፈልም።»

«ከጥየቃው በፊት ቢሞትስ?»

ሽፈራው ወደ ተዘጋው በር ተመለከተ። «ቁጠባው ለማኅበሩ ይቀራል። እኔ ተቃውሜ ነበር። ግን ድምፅ ተሰጠ፣ አለቀ።»

*

ከሀብተወልድ መኝታ ቤት ግድግዳ ወዲያ የሚኖሩት ማዳም ሮሻ የሚባሉ ፖርቱጋላዊት አሮጊት ናቸው። በሩን ከፍተው ማርያማዊትን ከላይ እስከ ታች አዩአትና ቶሎ አስገቧት።

«ሞተ አይደል? አውቄዋለሁ። ዓርብ ነው የሞተው።»

«ማን ነገረዎት?»

«ግድግዳው። ክረምቱን ሙሉ ሲስል እሰማ ነበር። ዓርብ ቀትር ላይ ሳሉ ቀጥ አለ። ከዚያ ቆጠራው ጀመረ።»

«ምን ቆጠራ?»

«አን፣ ዱ፣ ትሯ፣ ካትር… ቶሎ ቶሎ። ይቆጥራል፣ ያቆማል፣ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። መጀመሪያ ልጆች ድብብቆሽ የሚጫወቱ መስሎኝ ነበር። ግን እዚያ ቤት ሕፃን የለም።» አሮጊቷ አማተቡ። «ብዙ ቆየ። ድምፁ እየደከመ ሄዶ ጠፋ።»

«ከዚያስ?»

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሉ ተመለሰ።»

«እንግዲያው በሕይወት ነበራ።»

«አይደለም የኔ ልጅ። የእሱ ሳል ከሆዱ ነበር የሚመጣው። የቅዳሜው ከጉሮሮ ነው።» ወደ ግድግዳው እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሳሉን ሲሰማ የኖረ ሰው ይመስል ነበር እንጂ የታመመ ሰው አይመስልም።»

*

የአስከሬን ሐኪሙ ሰኞ ጠዋት ውጤቱን ነገራት።

«አንድ ሰው ደረቱን በኃይል ተጭኖታል። ለመግደል ይሁን ለማዳን አጥንት አይናገርም። ሳንባው ግን በጣም የደከመ ነው፤ ትንሽ መታፈን ይበቃዋል።»

«መቼ ነው የሞተው?»

«ብቻዬን ብትጠይቂኝ ዓርብ እልሽ ነበር። ሁለት ሰዎች ቅዳሜ አነጋግረውታል ካልሽኝ ግን ብርዱ አሳስቶኛል ማለት ነው። እንዲህ በቀዘቀዘ ቤት ሬሳ ሰዓቱን ይደብቃል። ሌላም ነገር አለ። ደሙ የረጋው በቀኝ ጎኑ ነው። የተገኘው ግን በጀርባው ተኝቶ ነው። ከሞተ ብዙ ቆይቶ አንድ ሰው ከቦታው አንሥቶታል።»

ዓቃቤ ሕጓ ጊዜ አላባከነችም። ማርያማዊት ቢሮዋ ስትደርስ ሱራፌል እንዲታሰር አዝዛለች።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለቻት። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰውየው በሕይወት ነበር፤ ከእሱ ጋር ዝምድናም ጠብም የሌላቸው ሁለት ምስክሮች አሉ። እናትየው ማምሻውን ሥራ ገብታለች፤ ሆቴሉ አረጋግጧል። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የነበረው ልጁ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት አባትና ልጅ ሲጯጯሁ ሕንጻው በሙሉ ሰምቷል።»

«ዓርብ ሞቶ ቢሆንስ?»

«ዓርብ ቢሆንማ ልጁ ዙሪክ ነው፤ መቶ ሰው አይቶታል። ዛሬውኑ እለቀዋለሁ። ግን የሞተ ሰው ቅዳሜ ቁጭ ብሎ እንግዳ አይቀበልም፣ ኢንስፔክተር።»

ማርያማዊት ወደ ሱራፌል ወረደች። ሲያያት ተነሥቶ ቆመ።

«ከአባትህ ጋር ለምን ተጣላችሁ?»

«ሆስፒታል ሂድ ብዬው ነው የጮህኩበት። ‹ጥየቃው ይለፍ› አለኝ። ‹ይሄ ጥየቃ ይገድልሃል› አልኩት። እናቴ አውቃለች? የት እንዳለሁ?»

«አውቃለች።»

«እንዳትመጣ በያት። እዚህ እንድታየኝ አልፈልግም።»

*

ወደ ዙሪክ የሚሄደው ባቡር ውስጥ ማርያማዊት ቤቷ ደውላ ልጆቿ ምሳ መብላታቸውን ጠየቀች። በልተዋል። ያለ ምክንያት እንደገና ጠየቀች።

ከሁለቱ ጠያቂዎች አንዱ አቶ አስረስ የሚኖሩት ሽዋመንዲንገን በሚባል የዙሪክ ሰፈር፣ ዝቅ ዝቅ ባሉት የኪራይ ቤቶች መካከል ነው። በትራም ጥገና ይሠራሉ፤ በጉባኤያቸውም ሽማግሌ ናቸው። አንድ የዙሪክ ፖሊስ አብሯት ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

«ጌታ ይባርክሽ ልጄ፣ ግቢ። አጎንብሰሽ፣ መብራቱ ይመታሻል። ባለቤቴ ስትገዛው ጣሪያው ዝቅ ያለ መሆኑን ረስታ ነው።»

ማርያማዊት ተቀምጣ ቅዳሜን እንዲነግሯት ጠየቀች።

«ከእህት አበባየሁ ጋር ነው የሄድነው። የሟች ባለቤት ደውላ ‹ሥራ ላይ ነኝ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ግቡ፤ ሻይ በፔርሙስ አለላችሁ› ብላናለች። ገባን። ሰው የለም። ቤቱ ጭር ብሏል። ‹ቤቶች!› ብንል መልስ የለም። ከውስጥ ሳል ሰማን፤ ሳሉን ተከትለን ሄድን።»

«ፊቱን አይተዋል?»

«ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ራሱን በሻርፕ ጠምጥሟል። መስኮቱ ተጋርዷል።»

«የሕመምተኛውን ፎቶ ከማኅበሩ ይዛችሁ ነበር?»

«ይዘን ነበር።»

«አስተያያችሁት?»

አስረስ ቀና አሉ። «የታመመ ሰው ፊት ላይ ፎቶ አስጠግቼ ‹ዙርልኝ› ልበለው? መታወቂያህን አሳየኝ ልበለው? ጥየቃ እኮ ነው የሄድነው ልጄ፣ ድንበር ፍተሻ አይደለም። ደንቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ሐሰት እንዳይገባበት ብዬ። ግን ሕመምተኛን ማሳፈር ደንብ ውስጥ የለም።»

«ምን አለ?»

«‹ይሰጠኝ› አለ። በሹክሹክታ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ከዚያስ?»

«እጁን ይዤ ጸለይኩ።»

«እጁ እንዴት ነበር?»

አስረስ የራሳቸውን መዳፍ ገልብጠው አዩት።

«ሞቃት።»

«ሌላስ?»

«ስጸልይ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። በጌታ ፊት እመሰክራለሁ፣ የያዝኩት በሕይወት ያለ ሰው እጅ ነው።»

ማርያማዊት ይህን ቃል ጻፈችው። የሀብተወልድ እጅ አለማለታቸውን ያስተዋለችው ደረጃውን ስትወርድ ነው።

*

አበባየሁ ከከተማው በስተ ደቡብ አድሊስቪል ውስጥ ትኖራለች። የመዋዕለ ሕፃናት ምግብ አብሳይ ናት፤ ስታወራ እጇ አያርፍም።

«ወይኔ ሰውዬው! ሞተ ሲሉኝ እንዴት አይሞት አልኩ። ቤቱ እኮ ማቀዝቀዣ ነው! የታመመ ሰው ያለበት ቤት! ብርዱ እግሬን ቆረጠኝ።»

«ከየት ነበር የሚመጣው?»

«ኮሪደሩ ላይ ካለው ከተዘጋው በር ሥር። ነፋሱ ይሰማኝ ነበር። ‹ይሄ የነሱ ልጅ እንደ ፈረንጅ መስኮት ከፍቶ ወጥቷል› ብዬ ልዘጋ ተነሣሁ።»

«ዘጋሽው?»

«የበሩን እጀታ ስይዝ ታማሚው ‹ተዪው!› አለ።»

«በሹክሹክታ?»

«የለም፣ ጮኾ።» የአበባየሁ እጆች ቆሙ። «ድምፁ… ቀጠን አለ። ከሳሉ ነው ብዬ…»

ከዚያ በኋላ ማርያማዊትን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ፊቷ ቀስ በቀስ ነጣ።

«እህቴ፣ ከዚያ በር ጀርባ ምን ነበር?»

«የልጁ ክፍል ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ማርያማዊት ማስታወሻዋን ዘግታ ተነሣች።

ወደ ጣቢያው ሲመለሱ የዙሪኩ ፖሊስ የተባለውን እንድትተረጉምለት ጠየቃት። ነገረችው። ትከሻውን ነቀነቀ። «መስኮት መክፈት ምን ይገርማል? እናቴ በየቀኑ ትከፍታለች። አየር ለበሽተኛ ጥሩ ነው።»

«እናንተ ጋ አዎ። እኛ ጋ ለታመመ ሰው በጥር መስኮት የሚከፍት የለም። ብርድ ይገድላል ብለን ነው ያደግነው። ያ መስኮት የተከፈተው ብርድ ለማይጎዳው ሰው ነው።»

ፖሊሱ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

*

እንግዲያው አልጋው ውስጥ የነበረው ሌላ ሰው ነው። ማርያማዊት መጀመሪያ ያሰበችው ሽፈራውን ነበር፤ የጥየቃውን ሰዓት ያውቃል፣ ደንቡንም ጠልቷል። ጄኔቭ እንደደረሰች አስጠራችው።

«ቅዳሜ ከሰዓት? ሎዛን ሰርግ ላይ ነበርኩ። ይኸው ቪዲዮው።» ስልኩን አቀበላት። ሽፈራው ከረባቱን ግንባሩ ላይ አስሮ ትከሻውን ይመታል፤ ሙሽራው ተቀምጦ ያየዋል። «የባለቤቴ ወንድም ነው የተዳረው፤ የጨፈርኩት ግን እኔ ነኝ። ምነው ወንጀል ነው እንዴ?»

«ጭፈራው ሊያስጠይቅ ይችላል» አለች ማርያማዊት። ስልኩን መለሰችለት።

ብቻዋን ስትቀር ማዳም ሮሻ ወደ ነገሯት ቆጠራ ተመለሰች። ይቆጥራል፣ ያቆማል፣ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ፖሊስ ትምህርት ቤት ሳለች እሷም ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ፣ ክንዷን ገትራ እንዲሁ ቆጥራለች። ያኔ ከእጇ ሥር የነበረው የላስቲክ አሻንጉሊት ደረት ነው።

ወደ ሆቴሉ ደወለች። አዎን፣ አሏት፤ ባለፈው መከር የጽዳት ሠራተኞች ሁሉ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወስደዋል፤ ትርፍነሽም ቅዳሜ ሥራ የገባችው ማምሻውን ብቻ ነው።

*

በማግስቱ ጠዋት ትርፍነሽ በሩን ስትከፍት ልጇ ከኋላ ያለ መስሏት የማርያማዊትን ትከሻ አሻግራ አየች። ማንም የለም።

«ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ትርፍነሽ።»

«ሱራፌል በልቷል?»

«በልቷል። ልጅዎን ልረዳው ነው የመጣሁት። ዓርብ ሲቆጥሩ ጎረቤት ሰምቷል።»

ሴትየዋ ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዕንባዋ መጣ።

«ሰውነቱ ቀሎ ነበር» አለች። «አጥንቱ ሲሰበር በእጄ ሰማሁት። አሠልጣኛችን ቢሰበርም አታቁሙ ብሎናል። አላቆምኩም።»

«አምቡላንስ ለምን አልጠሩም?»

«ከሥራ ስመለስ ወለሉ ላይ ነበር። ስልኩን ሳነሣ እጄን ያዘ። ‹ጥየቃው ሳይደርስ ሆስፒታል ከገባሁ አንድም ነገር አይከፍሉም፣ አንቺና ልጁ ላይ ነው የሚወድቀው› አለ። ስንከራከር ትንፋሹ ሄደ። ከዚያማ ሁለቱም እጄ ደረቱ ላይ ነበር። በምኔ ልደውል?»

«ከሞተ በኋላስ?»

«ሲቀዘቅዝ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አገር ጥለን ከወጣን ጀምሮ ከምግቡ እየቀነሰ ያስቀመጠው ነው። የራሱ ነው። በአንድ ቀን ስለቀደማቸው ሊወስዱት? ብርድ ልብሱ ላይ አድርጌ ወደ ልጄ ክፍል ጎተትኩት። አልጋው ላይ በጎኑ አስተኛሁት። እንዳይሸት መስኮቱን ከፈትኩ። ቅዳሜ እኔ በሱ አልጋ ተኛሁ።»

«እሱም በልጁ አልጋ።»

«አዎ። እንግዶቹ ‹ጌታ ሆይ፣ ከዚህ አልጋ አንሣው› ብለው ይጸልያሉ። እሱ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ሴትየዋ በሩን ልትከፍት ስትል ጮኽኩ። ከዚያ አሜን አልኩ። ለራሴ ነው ለሱ አላውቅም፣ አሜን አልኩ።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ሲሄዱ መልሼ በአልጋው አስተኛሁት። አለበስኩት። እሑድ ጠዋት እኔ ላገኘው ነበር። እንቅልፍ ጣለኝ። ልጄ አገኘው።»

«ሱራፌል ሲታሰር ለምን አልነገሩኝም?»

«አጣርተው ይለቁታል ብዬ። ደግሞ እኔ ከታሰርኩ ማን ይቆምለታል ብዬ። የፈራ ሰው የሚያስበውን አስቤ ነው።»

ዓቃቤ ሕጓ በቢሮዋ የትርፍነሽን ቃል እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እናት ናት። ልጇን ለማዳን ይህን ብትል አይገርመኝም። ጎረቤቷ አሮጊት ናት። ሁለት ምስክሮች ግን እጁን ይዘው ጸልየዋል። እነሱ ቃላቸውን ካልቀየሩ ልጁ የትም አይሄድም።»

«አንደኛዋ ተጠራጥራለች።»

«ጥርጣሬ አይበቃም። እጁን የያዘውን ሰውዬ አምጪልኝ።»

*

አስረስ ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ ቦታቸው ወጥተው ትራም ማቆሚያው ጋ አገኟት። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነው።

«ልጄ፣ ትናንት የተናገርኩትን ተናግሬአለሁ።»

«ሌላ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ሀብተወልድን ገድሏል ተብሎ የታሰረ ሰው አለ። ልጁ ነው። ሱራፌል።»

«የትኛው ሱራፌል?»

«ለወጣቶች ጉባኤ እናንተ ጋ መጥቶ የነበረው።»

ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ። አላነሡትም።

«ረጅሙ? ቀዩ ልጅ? ዓርብ ከእኛ ጋር ነበር እኮ! ሾርባ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ‹ጨምርልኝ ጋሼ› ብሎኝ ኮሶ አለብህ ወይ ብዬ ስቄበታለሁ። እሱ እንዴት ይገድላል?»

«አባቱ ዓርብ ከሞተ አልገደለም። ቅዳሜ በሕይወት ከነበረ ግን ገዳዩ እሱ ነው። ቅዳሜ በሕይወት ነበር ያሉት እርስዎ ነዎት።»

አንድ ትራም መጥቶ ቆመ። በሮቹ ተከፈቱ፣ ተዘጉ። አስረስ ትራሙ እስኪርቅ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

«ዓይኔን ከፍቼ ነበር» አሉ።

ማርያማዊት የወደቀውን ጨርቅ አንሥታ ያዘችላቸው።

«ባለቤቴ ሆቴል ነው የምትሠራው። የጽዳቱ መድኃኒት መዳፏን እንዴት እንደሚሰነጣጥቀው አውቀዋለሁ፤ ማታ ማታ ቅባት የምቀባት እኔ ነኝ። ያን እጅ ስይዝ ልቤ ደነገጠ። በጸሎት መካከል ዓይኔን ከፈትኩ። ሻርፑ ሸሸት ብሎ ነበር። የጆሮዋን ቀዳዳ አየሁት። ትንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በር ሥር የሚመጣው ብርድ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።»

«ምን አደረጉ?»

«ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ጸለይኩ፣ አበባየሁ እንዳታስተውል። ከጥየቃው በፊት የሞተ ሰው ቁጠባ ለማኅበሩ ይቅር ብዬ በበርኑ ስብሰባ ላይ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መኪና የገዛውን ሰውዬ እያሰብኩ። እንዲህ ያለ ሰው ትዝ አላለኝም። እዚያ ተንበርክኬ ሳለ የማን ሬሳ ከበሩ ጀርባ እንዳለ አወቅኩ፤ ማን ሲያስጠብቀው እንደሞተም አወቅኩ።»

«ይህን ለዓቃቤ ሕጓ ሲናገሩ ራስዎንም ይከሳሉ። ሐሰት መስክረዋል።»

«ይገባኛል።»

«ሽማግሌነቱም…»

«ልጄ፣ ባቡሩ በስንት ሰዓት ነው?»

*

ሱራፌል ከሰዓት በኋላ ተለቀቀ። እናቱ በዓቃቤ ሕጓ ቢሮ ኮሪደር አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ለሐሰተኛው ጥየቃና ሬሳውን ለማንገላታቷ ቃሏን ልትሰጥ ነው። አስረስ ከውስጥ እየተናገሩ ነው፤ ድምፃቸው በበሩ በኩል በጥቂቱ ይሰማል።

ልጁ ከፊቷ ቆመ። አልሳማትም፤ አልሄደምም።

«እኔ አልጋ ላይ ነበር?»

«አዎ።»

«አድሬበታለሁ እኮ፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ።»

ሱራፌል አጠገቧ፣ አንድ ሰው ሊቀመጥ የሚችልበት ቦታ ትቶ ተቀመጠ።

«በመጨረሻ ስሜን ጠርቷል? ጮኼበት ነው የሄድኩት።»

በሩ አጠገብ የቆመችው ማርያማዊት ትርፍነሽ አዎ እንድትል ተመኘች። እሷ ብትሆን ኖሮ አዎ ትል ነበር።

ትርፍነሽ የተሰነጣጠቁ እጆቿን አጣጥፋ ልጇን በቀጥታ አየችው።

«አልጠራህም። ‹ነገ ይመጣሉ አይደል?› ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ሌላ ምንም አላለም።»

ሱራፌል ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ይመጣሉ አልኩት።»